መንገዱ ተከፍቷል፤ ካርታውስ?

ለአዳዲስ የበጎ ፈቃድ ካርታ ሠሪዎች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ

እንደምን አመሻችሁ። ወሬ ሳላበዛ በአንድ ጥያቄ ልጀምር።

የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የተመረቀው ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ነው። በጊዜው የቻይና ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሊ ከቺያንግ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ከጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ጋር ሆነው በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኙ። ሕዝቡ ግን እየከፈለ መመላለስ የጀመረው መስከረም 2007 ዓ.ም. ላይ ነው። መሀል ላይ አንድ ሙሉ ክረምት አለ።

በዚያ ክረምት ካርታው ምን ማሳየት ነበረበት?

"ክፍት ነው" ካለ ሹፌሩን ቱሉ ዲምቱ ድረስ ወስዶ የተዘጋ መግቢያ ላይ ያቆመዋል። ምንም ካላሳየ ደግሞ መስከረም ሲጠባ ሌላው ሁሉ በአዲሱ መንገድ ይሄዳል። በካርታ የሚመራው ሰው ብቻ ዱከም ላይ ከተሳቢ ኋላ ተሰልፎ ይቀራል። ሁለቱም ጥፋት ነው። መልሱ በመሀል ነው። መንገዱ ካርታው ላይ ይሣላል፣ ግን "በግንባታ ላይ" ተብሎ ይመዘገባል። እንደዚያ ሲሆን ዓይን ያየዋል፣ መንገድ መሪው አፕ ግን አይጠቀምበትም። የመክፈቻው ቀን ሲደርስ አንድ ሰው ገብቶ ምዝገባውን ይቀይራል። ያ አንድ ሰው ከዛሬ ጀምሮ እናንተ ናችሁ።

ስለ የትኛው ካርታ እንደማወራ ላስረዳ። ጉግል ማፕስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚያ ላይ እኛ ሐሳብ ማቅረብ እንችላለን፣ ውሳኔው የኩባንያው ነው። እኔ የማወራው ስለ ኦፕንስትሪትማፕ ነው። ስቲቭ ኮስት የሚባል እንግሊዛዊ በ2004 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የጀመረው ነው። ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ ማረም ይችላል። መረጃውንም ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል፣ ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ። ኦስማንድና ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባሉት ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ አፖች የሚበሉት ከዚህ ቋት ነው። ኔትወርክ በሚጠፋበት መስመር የሚሄድ ሹፌር እነዚህን ቢወድ አይገርምም።

አሁን ወደ ሥራው። አዲስ ሰው ባይፓስ፣ ማለትም ከተማውን ሳያቋርጥ በዳር የሚያልፍ መንገድ፣ ተከፈተ ሲባል የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ መስመር መሣል። መስመሩን መሣል ቀላሉ ነው። ትልቁ ሥራ ያለው አዲሱ መንገድ አሮጌውን ነገር በሚነካበት ቦታ ሁሉ ነው። መጋጠሚያው፣ መሻገሪያው፣ የተቆረጠው የእግር መንገድ፣ ከተማው ውስጥ የቀረው የድሮ አስፋልት። ካርታ የሚበላሸውም፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ነው። ዛሬ አብዛኛውን ሰዓታችንን የምናሳልፈው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ግን መንገዱ ላይ መውጣት አለባችሁ። ስልካችሁ ላይ ጂፒኤስ የሚመዘግብ አፕ ክፈቱና ንዱ። ባትነዱ ከሚነዳ ሰው ጎን ተቀመጡ። አንድ ጊዜ መሄድ አይበቃም፤ መመለስም አለባችሁ። ምክንያቱም እንደ አዳማው ያለ መንገድ ካርታው ላይ አንድ መስመር ሳይሆን ሁለት ነው። መሀሉ ላይ አካፋይ ስላለ የሂያጁና የመላሹ አቅጣጫ ለየብቻ ይሣላሉ። ሁለቱም "ባለ አንድ አቅጣጫ" ተብለው ይመዘገባሉ። አቅጣጫውን የሚወስነው ደግሞ መስመሩን ስትሥሉ የጀመራችሁበት ጫፍ ነው። ወደ አዳማ የሚሄደውን መስመር ከአዳማ ጀምራችሁ ከሣላችሁት፣ አፑ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ብቻ የሚሄድበት መንገድ ነው ብሎ ያምናል። በዓይን ስታዩት ምንም ችግር የለበትም፣ መስመሩ ቁጭ ብሏል። መንገድ ስትጠይቁት ነው ጉዱ የሚወጣው። በቢሾፍቱ ውስጥ ዙሩ ይላችኋል።

ፎቶ አንሱ፣ በተለይ የምልክት ሰሌዳዎችን። የፍጥነት ወሰኑን፣ የመውጫውን ስም፣ ምን ዓይነት ተሽከርካሪ እንደተከለከለ። የሚያነሳው ሹፌሩ እንዳይሆን ብቻ። ኬላ አጠገብ ደግሞ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ። ለአንድ ሰሌዳ ብላችሁ ከፖሊስ ጋር ግማሽ ቀን መነታረክ አያዋጣም።

ከጉግል ማፕስ እያያችሁ አትቅዱ። ይኼን ደግሜ እላለሁ። ፈቃዱ አይፈቅድም። ከዚያ የተቀዳ መሆኑ ከታወቀ ሥራችሁ ሁሉ ይሰረዛል። ከተቋራጩ የተገኘ ፕላንም ያው ነው፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ አይነካም። የራሳችሁ ጂፒኤስ ዱካ፣ የራሳችሁ ዓይን፣ እንዲሁም ኦፕንስትሪትማፕ እንዲጠቀምባቸው የተፈቀዱ የሳተላይት ምስሎች ይበቃሉ።

ስለ ሳተላይት ምስል አንድ ነገር ላንሳ። ጥርት ብለው የሚታዩት ምስሎች ብዙ ጊዜ አሮጌ ናቸው። መንገዱ ከመሠራቱ በፊት የነበረውን የጤፍ ማሳ ያሳያሉ። አዲስ ምስል ከፈለጋችሁ የአውሮፓው ሴንቲነል-2 አለ። በጥቂት ቀናት ልዩነት ያነሳል፣ በነፃም ይገኛል። ችግሩ አንዱ የምስል ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር መሆኑ ነው። 30 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ባለ ስድስት መስመር መንገድ እዚያ ላይ የሦስት ነጥብ ውፍረት ያለው ጭረት ነው። መንገዱ መኖሩንና ወዴት እንደሚያመራ ይነግራችኋል። መውጫው የት ጋ እንደሚታጠፍ ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ ጭረቱን ከእሱ፣ ዝርዝሩን ከጂፒኤስ ዱካችሁ ውሰዱ።

እሺ፣ መጋጠሚያው። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ መንገድ ማለት በነጥቦች የተያያዘ መስመር ነው። ሁለት መንገዶች ተገናኙ የሚባለው አንድ ነጥብ ሲጋሩ ብቻ ነው። በዓይን ተነካክተው ቢታዩም ነጥብ ካልተጋሩ ለአፑ አልተገናኙም። በደንብ ያልተገጠመ ቧንቧ ማለት ነው፤ ከውጭ ደህና ነው፣ ውሃ ግን አያልፍበትም። ባይፓሱን በሙሉ በሚገባ ሥላችሁ ጫፉ ላይ ከድሮው መንገድ በግማሽ ሜትር ከራቀ፣ ለመንገድ መሪው ባይፓሱ የለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ "አዲሱን መንገድ ካርታው አያውቀውም" የሚባለው ስሞታ ሲጣራ፣ መንገዱ ተሥሎ ተቀምጦ የተገኘው ጫፉ ሳይገጠም ነው።

የዚህ ተቃራኒውም አለ፤ እሱ ደግሞ ይብሳል። ድልድይ። አዲሱ መንገድ በድሮው ላይ በድልድይ ሲያልፍ ሁለቱ አይገናኙም። ነጥብ መጋራት የለባቸውም። የላይኛው "ድልድይ" ይባላል፣ የትኛው ከላይ እንደሆነ የሚያሳየው የከፍታ ቁጥሩም ከታችኛው በአንድ ከፍ ይደረጋል። ይኼን ረስታችሁ ነጥብ ካጋራችኋቸው አፑ ድልድዩ መሀል ላይ "ወደ ቀኝ ታጠፍ" ይላል። ሹፌሩ አይታጠፍም፣ ዓይን አለው። ግን ትክክለኛውን መውጫ በዚያው ያልፈዋል። የፍጥነት መንገድ ላይ ደግሞ መውጫ ካለፋችሁ መዞሪያ የለም። እስከሚቀጥለው መውጫ ሄዳችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ተመልሳችሁ ነው። ከተማ ውስጥ ስህተት የአንድ አደባባይ ዋጋ አለው። እዚህ የብዙ ኪሎ ሜትር ዋጋ አለው።

ማሳለጫዎች ላይ ጊዜ ውሰዱ። እያንዳንዱ መግቢያና መውጫ ክንፍ ለብቻው ይሣላል፣ ለብቻው አቅጣጫ ይሰጠዋል። ሞጆን ውሰዱ። እዚያ የአዳማው የፍጥነት መንገድ አለ። ወደ ሐዋሳ አቅጣጫ የሚሄደው ሌላው የፍጥነት መንገድም አለ። የድሮው አስፋልት አለ። ደረቅ ወደቡ አለ፣ ከጅቡቲ የሚመጣና ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ብዙ ተሳቢ የሚገባበት። አንድ ክንፍ ላይ አቅጣጫ ብትገለብጡ ኮንቴይነር የጫነ ሰው ነው የምታንከራትቱት። ቱሉ ዲምቱም እንዲሁ ነው። የአዳማው መንገድ ሲከፈት የነበረው መጋጠሚያና በኋላ ከጎሮ የሚመጣው መንገድ ሲጨመር የሆነው አንድ አይደለም። "ያኔ ሥዬዋለሁ" ብላችሁ የምትተውት ቦታ አይደለም።

መንገድ በክፍል በክፍል ሲከፈትም ተጠንቀቁ። የሞጆ–ሐዋሳው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከሞጆ በመቂ በኩል እስከ ባቱ ያለው ሲከፈት ከባቱ ወዲያ ያለው ገና በሥራ ላይ ነበር። እንግዲህ "የሞጆ–ሐዋሳ መንገድ ተከፈተ" የሚል ዜና ሰምታችሁ መስመሩን እስከ ሐዋሳ ድረስ "ክፍት" ካደረጋችሁት፣ ሰውየውን ባቱ አልፎ የግንባታ አፈር ውስጥ ትከቱታላችሁ። መስመሩን የተከፈተው ክፍል ባበቃበት ላይ ቁረጡት። የተከፈተውን ብቻ ቀይሩ። ከዚያ መኪናው በጊዜያዊነት ወደ ድሮው መንገድ የሚመለስበትን ማገናኛ ፈልጉ፤ ያለ እሱ አዲሱ መንገድ መግቢያ ብቻ ያለው ይሆናል።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ። ብዙ ሰው የሚዘለውም ይኼንኑ ነው።

ባይፓስ የሚያልፈው ባዶ መሬት ላይ አይደለም። ባዶ የሚመስለው ከመኪና ውስጥ ሲያዩት ነው። ገበሬው በጋሪ እህል የሚያወጣበት መንገድ ነበር። ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት፣ ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት፣ ከብት ወደ ግጦሽ የሚነዳበት መንገድ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ካርታው ላይ አሉ። ከዓመታት በፊት አንድ በጎ ፈቃደኛ ከሳተላይት ምስል ላይ ሥሏቸዋል። እናንተ አዲሱን መንገድ በላያቸው ላይ ስትሥሉ መሣያው ፕሮግራም ራሱ ያስጠነቅቃችኋል፦ እነዚህ መስመሮች እርስ በርስ ይቋረጣሉ፣ ምን ላድርግ ይላል። ከምርጫዎቹ አንዱ "አገናኛቸው" የሚል ነው። ጀማሪ ማስጠንቀቂያውን ለማጥፋት ብሎ እሱን ይጫናል። ማስጠንቀቂያው ጠፋ፣ ደስ አለው።

ምን እንዳደረገ እዩ። ካርታው አሁን የበሬ ጋሪ ወደ ፍጥነት መንገድ መግባት ይችላል እያለ ነው። እግረኛውን ደግሞ ስድስት መስመር በእግርህ ተሻገር እያለው ነው። መሬት ላይ ግን አጥር አለ። ጋሪም እግረኛም እዚያ መንገድ ላይ አይፈቀድም።

ትክክለኛው ሥራ መሄድና ማየት ነው። መንገዱ ተዘግቷል? ተዘግቶ ከሆነ መስመሩን አጥሩ ጋ ቁረጡት፣ ወዲያና ወዲህ ያለው ለየብቻ ይኑር። ከሥር የሚያሳልፍ አለ? ካለ "መሹለኪያ" አድርጋችሁ፣ የከፍታ ቁጥሩን ዝቅ አድርጋችሁ አስገቡት። ቁመቱንም ለኩ። ሰውና በግ የሚያሳልፍ እና አይሱዙ የሚያሳልፍ አንድ አይደለም። ድልድይ አለ? መኪና ይወጣበታል ወይስ እግረኛ ብቻ? ሰዉ አሮጌ መሻገሪያውን ትቶ በአጥሩ ጎን አዲስ የእግር መንገድ አውጥቷል? ብዙ ጊዜ ያወጣል። አፈሩ ላይ ታዩታላችሁ። እሱም ይሣላል።

ይኼን ከቢሮ ሆኖ መሥራት አይቻልም። ዋሽንግተን ያለ ወገናችሁ ከሳተላይት ምስል ላይ ቤት ሊሥልላችሁ ይችላል፣ ይመስገን። ሞጆ አጠገብ ያለው መሹለኪያ ክረምት ላይ በውሃ ይሞላ እንደሆን ግን የሚያውቀው እዚያ የሚሻገር ሰው ነው። ጠይቁ። እረኛ ጠይቁ። ወንዱም ሴቱም አዛውንቱም መንገዱ ምን እንደቆረጠባቸው በደንብ ይነግሯችኋል፤ እንዲያውም ከጠየቃችኋቸው በላይ ይነግሯችኋል።

ከግንባታው ጊዜ የቀረም አለ። መንገድ ሲሠራ ተለዋጭ መንገድ ይወጣል። አቧራማ፣ ጠማማ፣ ሁሉም የሚረግመው። አንዳንድ ትጉህ ሰው ያኔ ካርታ ላይ አስገብቶት ይሆናል። ሥራው ሲያልቅ ተለዋጩ ይታረሳል ወይም ይዘጋል። ካርታው ላይ ግን ይቀራል። ከሌለ አጥፉት። ለአካባቢው ሰው ጠቅሞ የቀረ ከሆነ የመንገድ ደረጃውን ዝቅ አድርጉት እንጂ አታጥፉት።

ስለ ድሮው መንገድ ደግሞ። ባይፓስ ሲከፈት የድሮው መንገድ አይሞትም። ከአቃቂ በገላን፣ በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ አድርጎ አዳማ የሚገባው አስፋልት ዛሬም ይሠራል። መክፈል የማይፈልግ ይሄድበታል። ባጃጅና ጋሪ ይሄድበታል። ከተማ ለከተማ የሚመላለሰው ሚኒባስ ይሄድበታል። ስለዚህ ማጥፋት የለም። ጥያቄው የመንገድ ደረጃው ነው፤ ዋና አውራ ጎዳና ተብሎ ይመዝገብ ወይስ ከዚያ ዝቅ ይበል የሚለው።

ለምን ደረጃው አስፈለገ? አፑ መንገድ የሚመርጠው በርቀት ሳይሆን በጊዜ ነው። ጊዜውን የሚያሰላው ርቀቱን ለፍጥነት አካፍሎ ነው። ፍጥነቱ ካልተመዘገበ ከመንገዱ ደረጃ ተነስቶ ይገምታል። ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ብቻ የተወሰዱ ናቸው። በከተማው ውስጥ የሚያልፈው 20 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ባይፓሱ ዞር ስለሚል 24 ነው። በባይፓሱ በሰዓት 80 ብትነዱ 18 ደቂቃ ነው። ከተማ ውስጥ በባጃጁ፣ በገበያተኛው፣ በፍጥነት መቀነሻው መሀል በአማካይ 30 ብትነዱ 40 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ካርታው ላይ ግን የድሮው መንገድ ዋና አውራ ጎዳና እንደሆነ ቀርቷል፣ የፍጥነት ወሰንም የለውም። አፑ እዚያም 80 ይነዳል ብሎ ያስባል። 20 ኪሎ ሜትር በ80፣ 15 ደቂቃ። ከ18 ይሻላል። በሉ ግቡ ይላል፣ ቦቴውንም ተሳቢውንም ገበያ መሀል ይነዳዋል። አዲሱ መንገድ ካርታው ላይ እያለ፣ በትክክል ተገጥሞ እያለ ማለት ነው። ያልታረመው አሮጌው ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ከተማው ውስጥ ያለውን የፍጥነት ወሰን ሰሌዳው ላይ እንዳለው መዝግቡ። ከዚያ መንገዱ አሁን በሚሰጠው አገልግሎት ደረጃውን አስተካክሉ። ሌላ ሀገርም ያው ነው። እንግሊዝ ውስጥ የኒውበሪ ባይፓስ በ1998 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ኤ34 የሚለው ቁጥር ወደ ባይፓሱ ተዛወረ፤ ከተማውን የሚያቋርጠው የድሮው መንገድ ደግሞ ኤ339 ሆነ። ቁጥሩ ራሱ የመንገዱ ሥራ መለወጡን ይናገራል። እኛ ጋ ሹፌር በቁጥር አይሄድም። "በድሮው ነው በፍጥነቱ?" ብሎ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ደረጃውን የምንወስነው ማን ለምን ይሄድበታል ብለን ነው። አስፋልት ስለሆነ ብቻ ከፍ፣ ፒስታ ስለሆነ ብቻ ዝቅ አይደረግም። አስፋልትና ፒስታ የሚመዘገብበት የራሱ ቦታ አለው።

በዚህ ጉዳይ ከሌላ ካርታ ሠሪ ጋር መጋጨታችሁ አይቀርም። አንዱ ከፍ ያደርጋል፣ ሌላው ዝቅ ያደርጋል፣ ማታ ማታ እንዲህ ሲገፋፉ ወር ይሞላል። የእኔ አቋም፣ የአዳማው የድሮ መንገድ በጣም ዝቅ መደረግ የለበትም የሚል ነው። ያለ ክፍያ ያለው ብቸኛው ዋና መስመር እሱ ነው። ባይፓሱ ነፃ በሆነበት ከተማ ግን የድሮው በልበ ሙሉነት ዝቅ ይደረግ። የማይስማማ ካለ ከመገለባበጥ በፊት መልእክት ይጻፍለት። እያንዳንዱ ለውጥ ማን መቼ እንዳደረገው ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ ሰውየውን ማግኘት ከባድ አይደለም።

ክፍያን ካነሳን፣ "ክፍያ አለው" የሚለውን ምልክት በመንገዱ ሁሉ ላይ አድርጉ፣ በክፍያ ጣቢያው ላይ ብቻ አይደለም። አፖቹ ውስጥ "የሚከፈልበትን መንገድ አስወግድ" የሚል ምርጫ አለ። ያንን የመረጠ ሰው የሚድነው እናንተ ምልክቱን ካደረጋችሁ ነው።

ከተማው ዳር ላይ፣ ባይፓሱ ከድሮው መንገድ በሚለይበት መገንጠያ፣ ትንሽ ቆይቶ ሕይወት ይጀመራል። ባይፓሱ የፍጥነት መንገድ ሳይሆን ተራ መንገድ ከሆነ፣ ከተማ የማይገባው አውቶቡስ ሰው እዚያ ያወርዳል። ባጃጅ ይሰለፋል። ሻይ የምታፈላ ሴት ትመጣለች፣ ቀጥሎ ጎማ ቤት። ከወራት በኋላ ያ ቦታ ስም ያወጣል። ያንን ስም አስገቡት፣ የባጃጅ ተራውንም አስገቡት። እኛ ሀገር ሰው አድራሻ የሚናገረው በዚያ ነው።

ስሞችን በፍጥነት ልለፍ። ቢሾፍቱ፣ አዳማ፣ ባቱ ዋናዎቹ ስሞች ናቸው። ደብረ ዘይት፣ ናዝሬት፣ ዝዋይ ብሎ የሚፈልግ ሰው ግን አሁንም ሞልቷል። ለድሮ ስም ለብቻው የተዘጋጀ ቦታ አለ፤ ለአማርኛና ለአፋን ኦሮሞ አጻጻፍም እንዲሁ። ሁሉንም በየቦታው ሙሉ። በዋናው ስም ላይ አትጨቃጨቁ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጻፉ።

አንድ ነገር ደግሞ ስታስቀምጡ፣ ማለትም ለውጡን ስትልኩ፣ ምንጩን ጻፉ። "በመንገዱ ላይ ነድቼ አይቻለሁ" ብላችሁ ቀኑን አስገቡ። ምክንያቱም ነገ አንድ የማታውቁት ሰው ጀርመን ሀገር ተቀምጦ አሮጌውን የሳተላይት ምስል ይከፍታል። የእናንተ ባይፓስ ማሳ ላይ የተሣለ መስመር ሆኖ ይታየዋል። የሐሰት መንገድ መስሎት ያጠፋዋል። ክፋት አይደለም፣ ካርታውን እየጠበቀ ነው። ምንጩንና ቀኑን ካየ ግን እጁን ይሰበስባል። ቢያጠፋውም ታሪኩ ስላለ ይመለሳል፤ ግን በመሀል ስንት ሰው መንገድ ስቶ?

ለውጡን ከላካችሁ በኋላ ዋናው ድረ ገጽ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። ስልካችሁ ላይ ግን አይታይም። ኦስማንድ አዲስ ካርታ የሚያወጣው በየወሩ ነው። ሌሎቹም የራሳቸው ጊዜ አላቸው። ከዚያ ተጠቃሚው ራሱ ማውረድ አለበት። ካርታውን አንዴ ጭኖ ለዓመት የማይነካው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ መንገዱ የሚከፈትበትን ቀን ቀድማችሁ ካወቃችሁ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። "በግንባታ ላይ" ብላችሁ መስመሩን፣ ክንፎቹን፣ ድልድዮቹን፣ መሹለኪያዎቹን ሁሉ ጨርሱ። ቀኑ ሲደርስ የሚቀረው ምዝገባውን መቀየር ብቻ ይሁን። የምታውቋቸው ሹፌሮች ካሉ ደውላችሁ "ካርታህን አድስ" በሏቸው። ይኼ ቴክኒክ አይደለም፣ ግን ይሠራል።

በመጨረሻ መፈተሻ። ከከተማው በወዲህ በኩል አንድ ነጥብ፣ በወዲያ በኩል ሌላ ነጥብ አድርጉና መንገድ ጠይቁት። በባይፓሱ ይወስዳችኋል? አሁን ገልብጡት፣ ከወዲያ ወደዚህ። በባይፓሱ ይመልሳችኋል? ብዙ ጊዜ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም። ቀጥሎ ከተማው መሀል ካለው መናኸሪያ ወደ ሁለቱም ጫፍ ጠይቁት። ከዚያ ወደ እግረኛ ቀይሩና ከባይፓሱ ማዶ ካለ መንደር ወደ ትምህርት ቤቱ ጠይቁት። አጥር ላይ ከወሰዳችሁ፣ የቀረ ሥራ አለ።

አሁን ኮምፒውተሮቹን ክፈቱ። ሞጆን እናያለን። ግማሻችሁ ከሐዋሳ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚገባውን መኪና ተከተሉ፣ ግማሻችሁ ከአዳማ መጥቶ ወደ ባቱ የሚሄደውን። በየክንፉ ላይ የአቅጣጫ ቀስቱን እያያችሁ ሂዱ። የተገለበጠ ያገኘ እጁን ያውጣ፤ ሳታርሙት በፊት አብረን እናየዋለን።